ሳትታረድ የተካፈልናት ላም

በቀደም ለት የልጄ ባል አክሲዮን ገዛሁ ብሎ ዳር ዳሩ በሐረግ ያጌጠ ወረቀት አምጥቶ አሳየኝ። ወረቀቱን አገላብጬ አየሁና «ላሟስ የታለች?» ብዬ ጠየቅኩት። ልጁ ጨዋ ነው፤ አማቴ ጃጀ ብሎ አዘነ እንጂ አልሳቀም። ነገሩን የምታውቀው ልጄ ግን ጓዳ ገብታ በሳቅ ስትፈርስ ሰማኋት። እናንተም እንደ እሱ እንዳታዝኑልኝ ታሪኩን ከሥሩ ላጫውታችሁ። አክሲዮን የሚባለውን ነገር ደብረ ማርቆስ ላይ የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በጣልያን ጊዜ፣ ያውም በአንዲት ላም፣ ያውም ማንም ሳያስተምረኝ። «ማንም ሳያስተምረኝ» የምትለዋ ትንሽ ውሸት አለባት፤ እሷንም በቦታዋ አስተካክላለሁ።

ያን ጊዜ ገና ትዳር የያዝኩ ጎልማሳ ነበርኩ። መተዳደሪያዬ ከአምበር ገበያ በርበሬና ጨው በአህያ እያመጣሁ መቸርቸር ነበር። ጣልያን ገብቶ ከከተማው ራስጌ ምሽጉን መሥራት ሲጀምር አህያዬን ለድንጋይ ማመላለሻ ወሰዳት። አስተርጓሚው «ድንጋዩ ሲያልቅ ትመለሳለች» አለኝ። የጎጃምን ድንጋይ ማን ጨርሶት ያውቃል? አህያዋ በዚያው ቀረች፣ እኔም እጄን አጣጥፌ ቤት ዋልኩ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል፤ እኔ ቆብ ስለሌለኝ የጎረቤቱን ነገር ሁሉ እየቀደድኩ መስፋት ያዝኩ። የማን አጥር በየት በኩል ቢዞር እንደሚሻል፣ የማን ዶሮ የት ብትጥል እንደሚበጅ ስመክር እውላለሁ። ባለቤቴ ጥሩነሽ ሲመራት «ምናለ አህያዋን ትተው አንተን በወሰዱልኝ! እሷ እንኳ የምትጮኸው በሰዓቷ ነበር» ትለኛለች።

አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን እትዬ ውድነሽ ይባሉ ነበር። ባላቸው ጫካ ገብተው ከአርበኞቹ ጋር ሲዋጉ በደምበጫ በኩል ወደቁ። ለእትዬ የቀራቸው አንዲት የምትታለብ ላምና ያልወጣ ተዝካር ነው። ላሟ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላላት ቦቃ ትባላለች። አርባው እየቀረበ ሲሄድ እትዬ እንቅልፍ አጡ። «ሬሳውን አላየሁ፣ አፈር አላለበስኩት፤ ተዝካሩንም ሳላወጣ ብቀር በምን ዓይኔ ነው ወዲያ ስሄድ የማየው?» ይላሉ። በመጨረሻ ቦቃን ለምሽጉ የእርድ ከብት ለሚያቀርበው ነጋዴ ሊሸጧት ቆረጡ።

አንድ ማለዳ በአጥሩ ቀዳዳ ከቦቃ ጋር ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። «ቦቃዬ፣ አንቺን ሸጬ እሱን ላዘክር ነው። ምን ላድርግ ትያለሽ?» ይሏታል። ቦቃ እጃቸውን ትልሳለች። ጥሩነሽም ከኋላዬ ቆማ ስትሰማ ኖሮ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና «እስቲ የሰው አጥር ስትሰፋ ከምትውል ለዚች ሴት አንድ ነገር አስብላት» አለችኝ። አስብ ከተባልኩ ደግሞ የሚመልሰኝ የለም።

የትንሿ ውሸት ቦታ እዚህ ነው። ከድሬዳዋ በኩል የመጣ አንድ ልብስ ሰፊ ገበያው ዳር መኪናውን ተክሎ ይሰፋ ነበር። ያችኑ ያለችኝን ቁምጣ ሲጥፍልኝ ስለ ባቡር አጫወተኝ። «ባቡሩን የሠራው አንድ ባለጸጋ እንዳይመስልህ። ባሕር ማዶ ያለ ብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ አዋጥቶ ነው። ላዋጣው ሁሉ ወረቀት ይሰጠዋል። ባቡሩ ሠርቶ ሲያተርፍ ባለወረቀቱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ድርሻውን ይበላል። ቢቸግረው ወረቀቱን ለሌላ ይሸጠዋል፤ እሱ ሸጠ ተብሎ ባቡሩ አይቆምም።» «ባቡሩን አይተውት ያውቃሉ?» ብዬ ብጠይቀው «አብዛኞቹ የት አይተውት!» አለኝ። ቁምጣዬን እዚያው ረስቼ፣ ጋቢዬን እንዳገለደምኩ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ የሰፈሩን ወንዶች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ካለው ትልቅ ጥድ ዘንድ ሰበሰብኳቸው። ሰብሳቢያችን ዲማ ገዳም ተምረው የመጡት መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ ከድንጋይም ቢሆን ምሥጢር የሚያወጡ ሊቅ። ከፊት የተቀመጡት አያ ቸኮል ናቸው። አያ ቸኮልን በደንብ ማወቅ አለባችሁ። በየፋሲካው ወንዶቹ አዋጥተው በሬ ሲገዙ፣ የሚያርዱትና ሥጋውን በየመደቡ የሚደለድሉት እሳቸው ናቸው፤ እጃቸው ሚዛን ነው። ዳልቻ የሚባል፣ እንደ ልጃቸው የሚያዩት የእርሻ በሬ ነበራቸው። ባለፈው የክረምት መግቢያ የምሽጉ ወታደሮች ነድተው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ አያ ቸኮል በአንድ በሬ ከሰው ጋር እየተቀናጁ ያርሳሉ፤ በምሽጉ ሥር ማለፍ ግድ ሲሆንባቸውም ፊታቸውን በጋቢ ይሸፍናሉ። «ዳልቻዬን በሉት» ከማለት በቀር ሌላ ጨዋታ አልነበራቸውም።

የባቡሩን ነገር አስረዳኋቸው። ሁሉም በጥሞና ሰማኝ።

«ታዲያ ባቡሩን መቼ ተካፈሉት?» አሉ አያ ቸኮል።

«አልተካፈሉትም አያ። እሱ ይሄዳል፣ እነሱ ይበላሉ።»

«ሳይታረድ?»

«ባቡር ምኑ ይታረዳል?»

«እንግዲያው ምኑን በሉት?»

«ትርፉን ነዋ!»

አያ ቸኮል ወደ መሪጌታ ዞረው «ይህ ልጅ አህያዋ ከሄደች ወዲህ ልክ አይዶል» አሉ። ብልህ ሰው ብሆን ኖሮ እዚህ ላይ እነቃ ነበር።

መሪጌታ ግን ደገፉኝ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ላሟን አንድ ሰው ልግዛ ቢል ይከብደዋል፤ ለብዙ ሆነን ብንገዛት ግን ለሴትዮዋም ተዝካሩ ይወጣል፣ ላሟም ከደጇ አትጠፋም። አሥራ ሁለት እንሁን፣ እንደ ሐዋርያት» አሉ። ሁሉም በጠገራ ብር ድርሻ ድርሻውን አወጣ፤ እኔም የጥሩነሽን አንገት በዓይኔ እየሸሸሁ የሠርጓን ድሪ አሲዤ አወጣሁ። በባቡሩ ወረቀት ፈንታ አንድ ለስላሳ የወይራ ዘንግ ቆርጬ፣ ዙሪያውን በቢላዋ ቀለበት ጭሬ፣ ለአሥራ ሁለት ሰነጠቅኩት። ስንጥሮቹ ሁሉ ሲገጣጠሙ ቀለበቱም ይገጥማል፤ ማንም ጫካ ሄዶ የራሱን ስንጥር ሊሠራ አይችልም። ደንቡንም ነገርኳቸው። ቦቃ እትዬ ውድነሽ ዘንድ ትቀመጣለች፤ እሳቸው ይቀልቧታል፣ ያልቧታል፤ ለድካማቸውም ከወተቱ ገንዘብ ይታሰብላቸዋል። ወተቱ ለምሽጉ ይሸጣል። ገንዘቡ ማሰሮ ውስጥ ይጠራቀማል። የቸገረው ስንጥሩን ለፈለገው ይሸጣል። «ይሁን!» አሉ ሁሉም፤ አያ ቸኮል እንዲያውም ከሁሉ ቀድመው ነው ይሁን ያሉት።

ቤቴ ገብቼ ለጥሩነሽ ስተርክላት «አሥራ ሁለት ከሆናችሁ ይሁዳው ማን ነው?» አለችኝ። ቀጥላም «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ እንዶድ መውቀጧን ቀጠለች።

ተዝካሩ ወጣ። ጠላው ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ካህናቱ ጸለዩ። እትዬ ውድነሽ ሰውን ሁሉ ሸኝተው ሲያበቁ መደብ ላይ ቁጭ ብለው «አሁን መንገዱ ተጠረገለት» አሉ። ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ ዛሬም ሲታወሰኝ ሆዴን ይሞቀዋል። ቦቃም ከጋጣዋ ሆና ታመሰኳ ነበር።

ወዲያው ሁዳዴ ገባ። የነገሬ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። በሁዳዴ ወተት የሚቀምስ ጎጃሜ የለም። የምሽጉ ሰዎች ግን እንደኛ አይጾሙም። እኛ የማንቀምሰውን እነሱ ይገዙናል፤ ከዚህ የበለጠ ንግድ ከወዴት ይመጣል? ኃጢአት እንዳይሆን መሪጌታን ብጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና «ጾም የአፍ ነው፤ አፉ የእነሱ ነው» ብለው ፈረዱ። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነበር። የባላቸውን ገዳዮች ወተት አጠጪ ብዬ ለእትዬ ውድነሽ እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? ደጃፋቸው ላይ ቆሜ ስንተባተብ ነገሩ ገባቸው።

«ምን ያንተባትብሃል ልጄ? የገደሉት ራሳቸው ያዘክሩት!» አሉና ቅሉን ይዘው ወደ ቦቃ ሄዱ።

የመጀመሪያውን ቀን ወተት ተሸክሜ ምሽጉ በር ደረስኩ። የጣልያኑ ወጥ ቤት ቅሉን አሸተተ፣ ፊቱን አኮማተረ፣ አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው «ቤት ተቃጥሎባችኋል ወይ ይላል» አለኝ። ለካስ እትዬ ቅሉን እንደ ወጉ በወይራ አጥነውታል። «ጭስ የማይሸት አምጣ» ተባልኩ። ተመልሼ ብነግራቸው እትዬ ውድነሽ እኔን ራሴን የሚያጥኑኝ መሰሉ። «ባልታጠነ ዕቃ ወተት ሰጥቼ ስሜን ላጠፋ? እናቴ ብትሰማ ከመቃብሯ ትነሳለች!» አሉ። ለጠላትም ቢሆን የሚሰጥ ወተት ወግ እንዳለው ያን ቀን ተማርኩ።

ወተቱ መመለሱ በሰፈሩ ወዲያው ተሰማ። በዚያ እሑድ ከጥዱ ሥር ስንጥር እጁ ላይ ያለ ሁሉ ሻጭ ሆነ። ይህ የስንጥር ገበያ እንዴት እንደተጀመረ እኔም አላውቅም፤ ብቻ ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ እየተጠጋጉ በጋቢ ውስጥ እጅ ለእጅ ይነካካሉ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር የሚል ሰው ግን አልነበረንም፤ ወሬ ነጋሪው በዛ። አንዱ «ጣልያን ቦቃን ኮሶ አለባት ብሎ ሊያስገድላት ነው» አለ። ሌላው «አርበኞች መንገዱን ሊዘጉ ነው፤ ምሽጉም ሊፈርስ ነው» አለ። ይህንን የሰማ አንድ ሰው በደስታ ተነስቶ ፎከረ፤ ከፎከረ በኋላ ግን ቁጭ ብሎ ስንጥሩን በግማሽ ዋጋ አቀረበ። አገር ወዳድነትና ድርሻ በአንድ ሆድ ውስጥ ሲጣሉ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኔም ምሽጉ እንዲፈርስ ከልቤ እጸልይ ነበር፤ ብቻ ከፋሲካ በኋላ ቢሆን ብዬ እጨምርበታለሁ።

የሥራው ጠንሳሽ እኔ ነኝ፤ ላጽናናቸው ይገባ ነበር። ዘንጉን የሰነጠቅኩት፣ ስለ ባቡሩ የሰበክሁት እኔ ነኝ። ግን ሰው ሲሸጥ ሳይ እጄ በላኝ። የጥሩነሽ ድሪ በዓይኔ ላይ መጣ። መሪጌታን ወደ አጥሩ ጥግ ጎትቼ ስንጥሬን በርካሽ ሸጥኩላቸው። መሪጌታ ሳይከራከሩ ገዙኝ፤ አለመከራከራቸውም አልገረመኝም፤ እየተንቀጠቀጡ የሚሸጡ ሰዎች አይገረሙም።

በሁለተኛው ቀን ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አስተርጓሚው ራሱ ሰፈራችን ድረስ እየተንደረደረ መጣ። ምሽጉ ከሌላ ቤት ያልታጠነ ወተት ገዝቶ ኖሮ ረፋድ ሳይሆን ረግቶ ተበላሽቶበታል። «ያንን የሚሸተውን አምጡ ተብላችኋል፤ ቤት ያቃጠላችሁትን» አለ። እትዬ ውድነሽ ወገባቸውን ይዘው ቆሙና «ወተት ሳይታጠን እንደማያድር አሁን ገባቸው?» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተቱ በየማለዳው ሄደ፣ ማሰሮው በጣልያን ሊሬ ወረቀት ሞላ፣ የስንጥሩም ዋጋ ከጥዱ በላይ ወጣ። የሸጡት ሁሉ ከንፈራቸውን ነከሱ። እኔ ከንፈሬን ብቻ ሳይሆን ምላሴንም ነከስኩ፤ መሸጤን ለጥሩነሽ አልነገርኳትማ።

እንዲህ ሆኖ ቀዳም ሹር ደረሰ። ጧት ካህናቱ ቄጠማ አድለው፣ ሰው ሁሉ ቄጠማውን በራሱ ላይ አስሮ ሲመለስ፣ ባለድርሻዎቹ ተሰብስበው ወደ እትዬ ውድነሽ ግቢ ሲገቡ አየሁ። ለወተቱ ሒሳብ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተከተልኳቸው። አንዱ የኮባ ቅጠል ተሸክሟል። አንዱ ገበታ ይዟል። አያ ቸኮል ትልቁን ቢላዋ ሞርደው በቀበቷቸው ሽጠውታል።

«አያ፣ ቢላዋው ለምንድን ነው?»

«ለቦቃ ነዋ! ዛሬ ቀዳም ሹር አይዶል እንዴ?»

«ቦቃ እኮ የምትታለብ ላም ናት!»

«እና እስከ ዛሬ ማን ከለከለ? ታለበች፤ ገለባዋን ቻለች። ነገ ፋሲካ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። በእኛ አገር ወንዶች ከሁዳዴ በፊት ካዋጡ፣ ዕጣ ካወጡ፣ ከብቱም እስከ ፋሲካ እየተቀለበ ከተቀመጠ፣ ያ ቅርጫ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። እኔ በአፌ ባቡር ስናገር በእጄ የሠራሁት ሁሉ የቅርጫ ሥራ ነበር። ሰዎቹ አልዋሹኝም፣ አላታለሉኝም። ዓመት በዓመት የሚያደርጉትን ነው ያደረጉት፤ እኔን ደግሞ ወሬ ወዳድ ነው ብለው ዝም ብለው ሰሙኝ።

እትዬ ውድነሽ የቦቃን አንገት አቅፈው ቆመው ነበር። አልጮኹም፣ አልተከራከሩም። «ገንዘባችሁን ተቀብያለሁ፤ ተዝካሩን አውጥቼበታለሁ። ድርሻችሁ ነው፣ አልከለክልም። እኔ ግን ቆሜ አላይም» አሉና ገመዷን ለአያ ቸኮል አስጨብጠው ወደ ቤት ገቡ። ያ ከሚጮኹብኝ የባሰ ቆረጠኝ።

አያ ቸኮልም ገመዱን ይዘው አፈሩ። ክፉ ሰው አይደሉም። «ምነው እንዲህ ታዩኛላችሁ? እነሱ ዳልቻዬን በልተዋል። እኔ ለአንድ ፋሲካ ሥጋ ብበላ ነውር ነው?» አሉ።

እኔም ወደ ፊት ወጣሁና «አይሆንም! ላሟ ትኑር!» ብዬ ጮህኩ።

«ባለድርሻ ይናገር» አሉ መሪጌታ። «ስንጥርህን አሳይና ተናገር።»

ኪሴን ዳበስኩ፣ ጋቢዬን አራገፍኩ። የሌለ ነገር ቢፈልጉት አይገኝም። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላዬ «ዞር በልልኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጥሩነሽ ናት። የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፤ የወይራ ስንጥር አወጣች። የሰነጠቅኩት እኔ ስለሆንኩ አወቅሁት፤ የገዛ ስንጥሬ ነው። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወደ ጥዱ አቅጣጫ ተመለከቱ። በዕንቁላል ገንዘቧ እንዲገዙላት ልካቸው ኖሮ፣ አለመከራከራቸው ለካስ ለዚያ ነው።

«የይሁዳው ድርሻ እኔ ዘንድ ነው» አለች፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ከማፈሬ ጋር ሳቅኩ። «እስቲ አባቶቼ፣ የምትፈልጉት ሥጋ ነው ወይስ ቦቃን?»

«ሥጋ ነዋ» አሉ።

«ሥጋ ከሆነ ሥጋ ግዙ። ማሰሮው ሙሉ ገንዘብ አለ አይደል እንዴ?»

በእውነት እላችኋለሁ፣ ማሰሮውን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። ከቅርጫ ከብት ገንዘብ ይወጣል ብሎ ማን ያስባል? ማሰሮው እትዬ ጓዳ ከተቀበረበት ተቆፍሮ ወጣ። ግን ሌላ ጭንቅ መጣ፤ ገንዘቡ ሊሬ ነው። የአምበር ከብት ሻጭ ጠገራ ካላየ በሬውን አይፈታም፤ ሊሬ ቢያሳዩት «እሳት ላንድድበት ነው?» ይላል። ሊሬን በሙሉ ልቡ የሚቀበል ያው ሊሬውን ያወጣው ምሽግ ብቻ ነው። ደግነቱ የእነሱ ፋሲካ ቀድሞ አልፏል፤ በረታቸው ውስጥ የተረፈ ከብት አለ። እኔና መሪጌታ ሊሬውን በአቁማዳ ይዘን ወጣን። አያ ቸኮል «እስከ ቀትር እጠብቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ቦቃን አልምርም» ብለው ቢላዋቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ምሽጉ በር ላይ መጀመሪያ ያየሁት አህያዬን ነው። ወፍራለች። ድንጋይ ጭነው እየነዷት ያልፋሉ። ስሟን ጠራሁት፤ ጆሮዋን አቁማ አየችኝና ፊቷን አዞረች። እኔ ቤት እነሱ የሚያበሏትን ያህል ገብስ አይታ ስለማታውቅ አልፈረድኩባትም።

አስተርጓሚው ወደ በረቱ ወሰደን። በኖራ ተለውሶ የነጣ፣ አንድ ቀንዱ የተሰበረ፣ ጫንቃው የተላጠ ትልቅ በሬ ጥግ ቆሟል። «እሱን ውሰዱልኝ፤ በርካሽ ላስደርግላችሁ» አለ። «ግንድ ጎታች ነው። ግን በጣልያንኛ ቢጮኹበት አይነቃነቅም፤ በአማርኛ ካልነገሩት እግሩን አያነሳም። ለሰው ላስተረጉም ተቀጥሬ ለበሬ ሳስተረጉም እውላለሁ። ሰለቸኝ።» ሊሬውን አፈሰስንለት። መሪጌታ የበረቱን የሽቦ በር ሲከፍቱ «በል ና የኔ ልጅ» አሉት፤ በሬው ቀና ብሎ ተከተለን።

ቁልቁል ስንወርድ ስለ በዓሉ አሰብኩ። መሪጌታም ስለ ሥጋው አከፋፈል ያወጉኝ ነበር። ሰፈሩ ሲቃረብ በሬው እርምጃውን አፈጠነ። ገመዱን ሳብ ብናደርገው እኛን ጎተተን። እየሮጥን፣ ጋቢያችን እየወደቀ፣ ከእትዬ ውድነሽ ግቢ ገባን።

አያ ቸኮል ቢላዋቸውን ይዘው ተነሱ። «በሉ ወዲህ አምጡት!» አሉ።

በሬው ድምፃቸውን ሲሰማ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ አገሳ። አያ ቸኮል ባሉበት ደረቁ። ቢላዋው ከእጃቸው ወደቀ። ቀስ ብለው ቀርበው በመዳፋቸው የግንባሩን ኖራ ጠረጉት። ከኖራው ሥር ግራጫ ጠጉር ወጣ።

«ዳልቻ?» አሉ። «ዳልቻዬ? አልበሉህም እንዴ?»

በሬው አፍንጫውን ደረታቸው ላይ አሳረፈ። አያ ቸኮል እንደ ሕፃን አለቀሱ። ለእርድ የመጣ ወንድ ሁሉ ሰማይ ሰማይ አየ። መሪጌታ እንደ ልማዳቸው ምሥጢር ሊያወጡ አፋቸውን ከፈቱና፣ ምንም ሳይሉ መልሰው ዘጉት። አያ ቸኮል ራሳቸው ላይ ያሰሩትን ቄጠማ ፈትተው በዳልቻ ደህናው ቀንድ ላይ አሰሩለት። ከዚያ በኋላ ሥጋ የሚለውን ቃል ያነሳ የለም፤ የኮባው ቅጠል ለዳልቻ ጉዝጓዝ ሆነ።

አያ ቸኮል ሲረጋጉ «በማሰሮው ገንዘብ ነው የተገዛው፤ የእኔ ብቻ አይዶል። ለአሥራ ሁለታችሁም እያዞርኩ አርስበታለሁ» አሉ። እትዬ ውድነሽ ከቤት ወጥተው የቦቃን ገመድ ከአያ ቸኮል ተቀበሉ። ጉንጫቸውን በላሟ አንገት ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

የፋሲካ ለት ጧት፣ በየቤታችን ያለችውን ዶሮ ቀማምሰን ሳናበቃ፣ እትዬ ሁላችንንም ጠሩን። ቅሉ በወይራ ታጥኖ ሞልቶ ተቀምጧል። ወዲያው የምሽጉ አስተርጓሚ በር ላይ ብቅ ብሎ «የዛሬው ወተት ዘገየ እኮ» አለ።

«ዛሬ ወተት የለም» አሉት እትዬ ውድነሽ። «ባለቤቶቿ ገደፉ በላቸው።»

ያን ጊዜ ሁላችንም ተያየን። ቦቃን ከገዛናት ጀምሮ ወተቷን የቀመሰ ባለድርሻ አልነበረም። ድርሻዋን ስንሸጥ፣ ስንገዛ፣ ስንሰጋላት፣ ልናርዳት ስንነሳ ወተቷ ምን ምን እንደሚል አናውቅም ነበር። አንድ ዋንጫ ዞረ። ጥሩነሽ ተጎንጭታ ዓይኗን ጨፈነችና «ከሰማይ ወረደች እኮ ላሚቱ» አለች፤ ለእኔም ከድርሻዋ አቀመሰችኝ። መጨረሻ ዋንጫው አያ ቸኮል ዘንድ ደረሰ። ጭልጥ አድርገው ጠጡት። አረፋው ሪዛቸው ላይ ቀረ። ቦቃን አዩ፣ ዋንጫውን አዩ፣ እንደገና ቦቃን አዩ።

«እናንተ፣ ይህችን ነው እንዴ ላርዳት የነበረው?» አሉና ዋንጫውን ድጋሚ ዘረጉ።